አመድ እሳት ሲወልድ

የበልግ ወራት በቀረቡ ቁጥር በየቤቱ የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ይሆን?» የሚል ነው። ገበሬው ስለ ዘሩ፣ ከብት አርቢው ስለ ሣሩ፣ የከተማው ሰው ስለ እህል ዋጋ ይጠይቃል። «ዝናቡ እስኪደርስ ድረስስ እሳቱ እንዴት ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛም ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። ዛሬ በዚህ ዐምድ የደረሰብንን ሳንሸሽግ የምንናገረው፣ በእኛ ስሕተት ሌላው ቤተ ሰብ እንዲማርበት በማሰብ ነው።

ለሥራ ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ጁባ ተልከን በነበረ ጊዜ የተከራየነው ቤት ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር ነበር። በጁባ የሚኖረው ሰው ከልዩ ልዩ ሀገር የተሰበሰበ ነው፤ ኢትዮጵያውያንም በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ ሥራ ተሰማርተው ይገኛሉ፤ ስለዚህ የቡና ሽታና የእጣን ጢስ ለከተማው እንግዳ አይደለም። በእኛ ግቢና በጎረቤታችን ግቢ መካከል የነበረው አጥር ከሣርና ከሸምበቆ የተሠራ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት አሮጊት ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በሣር ክዳን ጎጆ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ሐቦባ» ይላቸዋል፤ በሀገሩ ዐረብኛ «አያት» ማለት ነው። እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው ሐቦባ እንላቸው ነበር።

ከደጋ ለሄደ ሰው የጁባ አየር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ሙቀትን ነው። ከተማው በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ በሆነ ዝቅተኛ ስፍራ ተቀምጧል። ዝናቡ በአመዛኙ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንማል፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ሰማዩ ይደርቃል፤ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ነፋሱም በበጋው ከሰሜንና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከደረቁ ሀገር ይመጣል። በዝናቡ ወራት ከሰው ቁመት በላይ ያደገው ሣር ያን ጊዜ ደርቆ እንደ ገለባ ይቆማል። እንግዲህ ማስተዋል የሚገባው፣ ያለፈው ዓመት ዝናብ በበዛ መጠን ሣሩ እንደሚበዛ፣ ሣሩም በበዛ መጠን በበጋው የሚቃጠለው እንደሚበዛ ነው። የጥጋብ ዓመት ራሱ ለእሳት ማገዶ ያከማቻል።

በዚህም ምክንያት ደቡብ ሱዳን በየዓመቱ ብዙ መሬት ከሚቃጠልባቸው የዓለም ሀገሮች አንዷ ናት። ምድርን በሳተላይት የሚመለከቱት ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው በአፍሪካ የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኛው የሣር ሜዳ ነው። እሳቱን የሚለኩሰው በአመዛኙ ሰው ነው። ከብት አርቢው አዲስ ሣር እንዲበቅልለት፣ አዳኙ አውሬውን ከመደበቂያው ለማስወጣት፣ ገበሬው ማሳውን ለማጽዳት ይለኩሳል። ይህን ሁሉ ሰው አላዋቂ ነው ብሎ መዝለፍ አይገባም። በበጋው መግቢያ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሣሩ እርጥበቱን ጨርሶ ሳይለቅ በጥንቃቄ የተለኮሰ እሳት ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ጥቂት ቦታ አቃጥሎም ይቆማል፤ የተቃጠለውም ቦታ በኋላ ለሚነሣው ትልቅ እሳት ወሰን ይሆነዋል። ያው እሳት በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢለኮስ ግን ለለኮሰው ሰው አይታዘዝም። ስለዚህ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከመለኮሱ ይልቅ በተለኮሰበት ወቅት ላይ ነው።

አሁን ወደ ትንበያው እንሂድ። በሀገራችን የሚቲዎሮሎጂ አቈጣጠር ዓመቱ በጋ፣ በልግና ክረምት ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ በልጉም ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ደረጃ ግን ትንበያው የሚወጣው በፈረንጆች አቈጣጠር ከማርች እስከ ሜይ ላሉት ሦስት ወራት ነው። ይህን የሚያዘጋጀው በናይሮቢ አጠገብ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያና አፈጻጸም ማዕከል ሲሆን፣ ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን ጨምሮ 11 ሀገሮችን ያገለግላል። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የየሀገሩ ባለሞያዎች ወቅቱ ከመግባቱ በፊት እየተሰበሰቡ በአንድነት የተስማሙበትን ለሕዝብ ይገልጻሉ።

ይህ ትንበያ አነባበብ አለው። ያለፉት ብዙ ዓመታት ዝናብ በሦስት እኩል ክፍል ይመደባል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ተብሎ። ምንም የተለየ ምልክት ባይታይ እያንዳንዱ ክፍል ከመቶ 33 ያህል ዕድል አለው። ባለሞያዎቹ «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ ከመቶ 45 ነው» ቢሉ፣ ዝናቡ ወደ መብዛት ያደላል ማለታቸው እንጂ ይበዛል ብለው መማላቸው አይደለም፤ የቀረው 55 ለሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ነውና። ከዚህም ሌላ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሦስቱ ወራት ድምር ነው። ዝናቡ የሚጀምርበትን ጊዜ፣ እንዲሁም ሙቀቱን የሚያሳዩ ሌሎች ካርታዎች አብረው ይወጣሉ፤ የየሳምንቱም ትንበያ ለብቻው ይነገራል። ችግሩ አብዛኞቻችን የምንወደውን አንዱን ካርታ አይተን ሌላውን መተዋችን ነው።

በ2016 ዓ.ም. (በ2024 እ.ኤ.አ.) የወጣው የበልግ ትንበያ በአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ወደ መሆን እንደሚያደላ ይገልጽ ነበር። ከዚሁ ጋር ሙቀቱም ከተለመደው እንደሚበልጥ ተነግሯል። እኛ የፊተኛውን ይዘን የኋለኛውን ተውነው። መጋቢት ሲገባ ግን ዝናቡ ሳይሆን ሙቀቱ ቀደመ። የደቡብ ሱዳን መንግሥት ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል በማለት ከመጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ አዘዘ፤ ወላጆችም ልጆቻቸው ውጭ እንዳይጫወቱ እንዲጠብቋቸው ተነገራቸው። በዓመቱም በየካቲት 2017 ዓ.ም. በጁባ ተማሪዎች ከሙቀቱ የተነሣ ራሳቸውን እየሳቱ በመውደቃቸው ትምህርት ቤቶች እንደገና ለሁለት ሳምንት ተዘግተዋል።

የእኛ ነገር የደረሰው ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በተዘጉበት በዚያ ሳምንት ነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ደመነና ጥቂት ነጠብጣብ ጣለ። አቧራው ሸተተ፤ ልባችን ደስ አለው። ማታ ቡና ተፈልቶ ሦስቱም ከተጠጣ በኋላ የከሰል ምድጃውን ይዘን ወጣንና አመዱን በአጥሩ ሥር ደፋነው። ባለቤታችን ከውስጥ ሆነው «ፍሙ ጠፍቷል ወይ? ውኃ ይጨመርበት እንጂ» አሉን። እኛም ውኃው በበርሜል የሚገዛ መሆኑን አስበን፣ «ጠፍቷል፤ ደግሞስ ዝናቡ ደርሶ የለም ወይ?» ብለን መለስን። በዚያም ላይ ነገሩ ተረሳ።

በማግሥቱ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሣ። ከቢሮ ተመልሰን ልብሳችንን ስንለውጥ ከጓሮ የሚንጣጣ ድምፅ ሰማን። ስንወጣ አጥሩ ከሥሩ ተያይዞ ነበልባሉ ወደ ጎረቤት ግቢ ተጋድሟል። ባልዲ ይዘን እስክንደርስ ድረስ የሐቦባ የማብሰያ ጎጆ ክዳኑ ተያያዘ። በዚያ ጎጆ ጥላ ሥር፣ ሙቀቱን ሸሽቶ፣ አራት ዓመት ያህል የሆነው የልጅ ልጃቸው ተኝቶ ነበር። አሮጊቷ እየተንገዳገዱ ገብተው ልጁን በክንዳቸው ጎትተው አወጡት። ሲወጡ ከክዳኑ የወደቀ የሚነድ ሣር የልጁን እግር አቃጠለው። ጎጆው ከደቂቃዎች በኋላ ምሰሶው ብቻ ቀረ።

አበው «እሳት አመድ ወለደ» ይላሉ፤ ከደኅና አባት ደካማ ልጅ ሲወጣ የሚነገር ነው። በኮሎሎ ግን አመድ እሳት ወለደ፤ የአመዱም ባለቤቶች እኛ ነበርን።

እሳቱ የሐቦባን መኖሪያ ጎጆና የሰፈሩን ሌሎች ቤቶች ሳይበላ የቀረው በእኛ ባልዲ አልነበረም። አሮጊቷ በየማለዳው ግቢያቸውን እስከ ባዶ አፈር ድረስ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። እኛ ለንጽሕና ብቻ የሚያደርጉት ይመስለን ነበር። እሳቱ ግን ከማብሰያው ጎጆ ወርዶ ባዶው አፈር ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ቆመ። ወጣቶችም ከግድግዳው ሥር ተዘጋጅቶ በነበረው አሸዋ የቀረውን አዳፈኑት። ማታ ይቅርታ ልንጠይቅ ስንገባ ሐቦባ ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፤ እናንተ ዝናቡን ስትጠብቁ እኔ ነፋሱን እጠብቅ ነበር» አሉን። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ስለምን ተሳሳትን? ሁለት ነገር ባለማወቃችን ነው። የመጀመሪያው የፍም ጠባይ ነው። አመድ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ በውስጡ የተሸፈነ ፍም ቀስ እያለ እየጋመ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ላዩን በእጅ ዳስሰው ቀዝቃዛ ነው ቢሉ ውስጡን አያሳይም፤ ነፋስ ሲገልጠው ግን ይነሣል። ሁለተኛው የሣር ጠባይ ነው። ትልቅ ግንድ እርጥበቱን ለመልቀቅ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ቀጭን ሣር ግን ውኃን ቶሎ እንደሚጠጣ ሁሉ ቶሎ ይለቃል። በደረቅና ሞቃት አየር ከአንድ እስከ ጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ቀድሞው ይደርቃል። ስለዚህ የማታ ነጠብጣብ ለማግሥቱ ቀትር ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም የሚያስፈራው ጊዜ ይህ ነው፤ ሣሩ ከወራት ድርቀት በኋላ ከሁሉ ይልቅ ደርቋል፤ ሊዘንም ሲል ነፋሱ ይበረታል፤ የሰው ልብ ደግሞ ዝናብ መጣ ብሎ ጥንቃቄውን ይተዋል።

ይህ በቈላ ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። በሀገራችንም ታላላቅ የደን ቃጠሎዎች የተነሡት በዚሁ በበጋ መውጫና በበልግ መግቢያ ወራት ነው። በ1992 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ቆይቷል፤ ገበሬዎች፣ ወታደሮችና ተማሪዎች ዘምተውበታል፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካም ባለሞያዎች መጥተዋል፤ በመጨረሻም በሰው ድካምና በዝናብ አንድነት ጠፋ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቃጠለ። ይህ ፓርክ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ፣ የዋልያ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። እሳቱ አንድ ጊዜ ጠፋ ተብሎ እንደገና ተነሥቷል፤ ከእስራኤልም የእሳት ማጥፋት ባለሞያዎች መጥተው ረድተዋል። በተራራ ላይ ችግሩ የሚከፋው እሳት ሽቅብ ሲወጣ ስለሚፈጥን ነው፤ ነበልባሉ በላዩ ያለውን ሣርና አስታ ገና ሳይነካው ያደርቀዋልና። እንግዲህ በደጋም ይሁን በቈላ ትምህርቱ አንድ ነው፤ ዝናብ ሊገባ መቃረቡ እሳትን አያስቀረውም።

የእሳት መከላከል ባለሞያዎች ለማስታወስ የሚመች አንድ ደንብ አላቸው፤ ይኸውም የሦስት ሠላሳ ደንብ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ፣ የአየሩ እርጥበት ከመቶ 30 በታች ሲወርድና ነፋሱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነፍስ፣ ያ ቀን ለእሳት የተመቸ ቀን ነው። እንደ ጁባ ባለ ስፍራ የመጀመሪያው ሠላሳ ዓመቱን በሙሉ ለማለት ይቻላል ስለሚሞላ፣ መጠበቅ የሚገባው ሌሎቹን ሁለቱን ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው በከንፈሩ መድረቅና በዛፍ ቅርንጫፍ መወዛወዝ ሊያውቀው ይችላል።

እንግዲህ የየቤቱ እመቤትና አባወራ በእነዚህ ወራት ሊያደርጉ የሚገባቸውን ባጭሩ እንዘርዝር። አንደኛ፣ የምድጃ አመድ ውኃ ተጨምሮበት ከተማሰ በኋላ ክዳን ባለው የቆርቆሮ ዕቃ ይቀመጥ እንጂ በአጥር ሥር ወይም በቆሻሻ ላይ አይደፋ፤ የእጣን ማጨሻውም እንደዚሁ። ለአመድ የሚወጣ አንድ ጣሳ ውኃ አይቈጭም። ሁለተኛ፣ በቤቱና በአጥሩ ዙሪያ ያለው ሣርና ገለባ እስከ አፈሩ ድረስ ይጠረግ፤ ሁለት ሦስት ሜትር ባዶ መሬት የሣር እሳትን ብዙውን ጊዜ ያቆማል። ሦስተኛ፣ የጀኔሬተር ነዳጅ ከምድጃና ከመኝታ ቤት ርቆ በጥላ ይቀመጥ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ነዳጅ አይጨመርበት። አራተኛ፣ ቆሻሻም ሆነ የማሳ ግርድ ነፋስ ባለበት ቀን ከቶ አይለኮስ፤ መለኮስ ግድ ቢሆን ዙሪያው ተመንጥሮ፣ ጎረቤት ተነግሮት፣ ውኃና ሰው ተዘጋጅቶ ይሁን፤ ለኳሹም ጨርሶ እስኪጠፋ ከቦታው አይለይ። አምስተኛ፣ አንድ በርሜል ውኃና አንድ ክምር አሸዋ ሁልጊዜ በታወቀ ስፍራ ይኑር። ስድስተኛ፣ ልጆች በሣር ጎጆ ውስጥ ወይም በጥላው ሲተኙ አጠገባቸው አዋቂ ይኑር፤ እሳት ሲያዩም ተደብቀው እንዳይቀመጡ፣ ጮኸው ወደ ውጭ እንዲሮጡ አስቀድሞ ይማሩ።

ስለ ቃጠሎ ሕክምናም አንድ ቃል እንጨምር፤ በዚያ ቀን አይተን የተማርነው ነውና። የልጁ እግር በተቃጠለ ጊዜ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው ቅባት ይዞ ሮጠ። በሰፈሩ የምትኖር አንዲት ነርስ ሁሉን ከለከለችና ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ እየቀዳች 20 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ አፈሰሰችበት። ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋ ሸፍና ወደ ሐኪም ቤት ላከችው። ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው። ቅቤ፣ ዘይት፣ የጥርስ ሳሙናና አመድ ሙቀቱን በውስጥ ያፍኑታል፤ ቁስሉንም ለመመረዝ ያጋልጡታል። በረዶም በቁስል ላይ አይደረግ። ያበጠው ውኃ የቋጠረ ቆዳ አይፈንዳ። ቀለበትና አምባር እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት የተቃጠለ እንደሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

የሐቦባን ጎጆ በራሳችን ወጪ አሠራን። ሸምበቆውና እንጨቱ በቀላሉ ተገኘ፤ የክዳኑ ሣር ግን በበጋው ቃጠሎ ብዙው ጠፍቶ ስለ ነበር በውድ ዋጋ ከሩቅ መጣ። አጥሩን ግን በቆርቆሮ ለወጥነው። ልጁም እግሩ ዳነ፤ ጠባሳው ግን አብሮት ያድጋል። ያን ጠባሳ ባየን ቁጥር በአንድ ጣሳ ውኃ መሳሳታችን ይታወሰናል።

ዝናቡም በሚያዝያ መጣ። ትንበያው አልዋሸም፤ የተሳሳትነው ከትንበያው ደስ ያለንን ብቻ ያነበብነው እኛ ነን። በዓመቱ የበልጉ ትንበያ ሲነገር ግን ባለቤታችን ሬዲዮኑን ዘግተው አስቀድመው የጠየቁን ስለ ዝናቡ አልነበረም። «አመዱ የት ተደፋ?» አሉን። እኛም ተነሥተን አየነው። እናንተም፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ስታስቀምጡ አንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ወጣ ብላችሁ እንድታዩ በትሕትና እንለምናችኋለን።